እጁን ለዱዓ ያልዘረጋው ተቆጣጣሪ

ምንይሉን አልወደውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን የሰማ ሁሉ ኋላ ላይ «መሕሙድ እኮ እያመሰገነው ነው» እንዳይለኝ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ከአሰብ፣ ኋላም ከጅቡቲ የጭነት መኪና ስነዳ ኖሬያለሁ። ጋቢናዬ ውስጥ ሌባም፣ ቄስም፣ ወታደርም ተቀምጦ ያውቃል። እንደዚህ ያለ ደረቅ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

መሪውን ከተውኩ በኋላ ኮምቦልቻ ላይ የቀረኝ ማዕረግ ሽማግሌነት ነው። ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ አከራይና ተከራይ ቢካሰሱ፣ እስላምና ክርስቲያን ቢጋጩ «መሕሙድንና አራጋውን ጥሯቸው» ይባላል። አራጋው ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ የዱሮ አስተማሪ፣ ከእኔ ይልቅ ነገር የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ በዱዓ እከፍታለሁ፣ እሱ በአቡነ ዘበሰማያት ይዘጋል፤ ወይም እንደ ባለጉዳዩ እንቀያየራለን። እኛ የዘጋነውን ነገር መልሶ የከፈተ አልነበረም። በወሎ ዱዓ የተደረገበት ነገር አይነሣም፤ ያነሣውም ሰው አያምርበትም።

አንዲት የመጨረሻ ልጅ አለችኝ፤ ሰልዋ ትባላለች። የምትሠራው እዚሁ ከተማችን ካለ አንድ ክር ፋብሪካ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ገና እንጀራዋ እዚያ ነው።

ምንይሉ ደግሞ ደሴ ካለው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወደ ፋብሪካዎች የሚላክ ተቆጣጣሪ ነው። የገራዶ ገበሬ ልጅ ነው። በጎረምሳነቱ ወደ ጴንጤዎቹ ገባ፤ እነሱም አዲስ አበባ ባለው ኮሌጃቸው አስተማሩት። ሌላው ሰው ዲግሪ ሲይዝ ሱፍ ይገዛል፣ ቀስ በቀስም ሆድ ያወጣል። ይሄ ግን በዚያችው በሳሳች ጃኬት የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ እየተጠማዘዘ ይወርድና ከበሩ ጥበቃ ጀምሮ ሁሉን ሰው ይጨብጣል። ጨብጦም አይለቅም፤ እጅህን ገልብጦ ያያል። ሴቶቹ መጀመሪያ ባለጌ መስሏቸው ነበር። ሰልዋ ወንድ አልጨብጥም ብትለው «እንግዲያው ዘርግተሽ አሳዪኝ» አላት። ቤት መጥታ ስትነግረኝ ያን ጊዜውኑ ጠላሁት።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ እንየው ሻይ ቢያስመጣለት «ስጨርስ» ይላል፤ ሲጨርስ ሻዩ በርዷል። ሠራተኛው ሁሉ ይስቅበት ነበር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያሉ፣ እሱም እየሰማ፣ ዝም ብሎ ከማሽን ማሽን ይዞራል።

የተጣላነው በጣይባ የተነሣ ነው። ጣይባ የሰልዋ ጓደኛ ናት፤ ከወረባቦ ገጠር መጥታ ጥጡን ባዘቶ በሚያደርገው ማሽን ላይ ትሠራ ነበር። የዚህ ማሽን ጥርሶች የብረት ክዳን ነበራቸው። በጦርነቱ ጊዜ ፋብሪካው ሲዘረፍ ክዳኑ ጠፋ። ሥራ እንደገና ሲጀመር ማሽኑ በመትረፉ ሁሉም አልሐምዱሊላህ አለ እንጂ ክዳኑን የጠየቀ አልነበረም። ምንይሉ በመጣ ቁጥር «ክዳን አስደርጉ» ይላል፤ እንየው «እየተሠራ ነው» ይለዋል። አንድ ቀን በረመዳን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጣይባ በጥርሱ ላይ የተጠመጠመውን ጥጥ ልታላቅቅ እጇን ሰደደች። ከቀኝ እጇ የተረፈላት አውራ ጣቷ ብቻ ነው።

እንየው ብልህ ነው፤ ከማንም በፊት እኔንና አራጋውን ጠራን። ጣይባ ከሆስፒታል እንደወጣች በፋብሪካው አዳራሽ ተቀመጥን። ቀኑን ሙሉ ተነጋገርን። ጣይባ «ለአላህ ብዬ ትቻለሁ» አለች። እንየውም በበኩሉ ዕድሜዋን ሙሉ በር ላይ ሴት ፈታሽ ሆና እንድትሠራ፣ ማደሪያም እንዲሰጣት ተስማማ። አንድ እጅ ላጣች የገጠር ልጅ ከዚህ የበለጠ ማን ይሰጣታል? እኔ በበኩሌ ከሠራኋቸው እርቆች ሁሉ ይሄ ያምራል ብዬ ነበር። ዱዓ ልናደርግ እጃችንን ስንዘረጋ ምንይሉ በሩን ከፍቶ ገባና ጥግ ላይ ተቀመጠ።

ሁሉም እጁን ዘርግቷል፤ አራጋውም፣ እንየውም፣ ጣይባም በፋሻ የተጠቀለለውን። በእኛ አገር ዱዓ ላይ ክርስቲያኑም ይዘረጋል፤ ከፈለገ አሚን፣ ከፈለገ አሜን ይበል። ምንይሉ ግን ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያየናል። ዱዓውን አቋረጥኩ። ዕድሜ ልኬን ዱዓ አቋርጬ አላውቅም።

«ልጄ፣ ሃይማኖትህ ይከለክልሃል?» አልኩት።

«አይከለክለኝም፣ ጋሽ መሕሙድ» አለ። «ዱዓው ለጣይባ ጤና ከሆነ ሁለቱንም እጄን እዘረጋለሁ። ነገሩን ለመዝጋት ከሆነ ግን አልዘረጋም። እሷ ይቅር ማለት የምትችለው የራሷን ጣት ነው። ነገ እዚያ ማሽን ላይ የምትቆመውን ልጅ ጣት ይቅር ልትል አትችልም። እናንተም አትችሉም።»

ይህን ብሎ ተነሣ፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ማሽኑን አሸገው። እኛ እጃችን እንደተዘረጋ ቀረን።

ደሜ ፈላ። የልጅ ልጄ ሊሆን ምንም ያልቀረው ሰው በሠራተኛ ፊት አዋረደኝ። ከዚያ የባሰው ደግሞ ተከተለ። ባዘቶው ሲቆም ከሱ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይቆማልና ፋብሪካው የክፍሉን ሠራተኞች ያለ ደመወዝ ወደ ቤት ሰደደ፤ ሰልዋም አብራ ተሰደደች። እንየውም «እርቁ ከፈረሰ እኔም ቃሌን አንሥቻለሁ» ብሎ የጣይባን የበር ሥራ ከለከላት። ልጅቷ ከእኛ ቤት ተጠግታ ሰነበተች። ምሳ ሲቀርብ በግራ እጇ ስትበላ እንዳናያት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ያን ባየሁ ቁጥር ምንይሉን ረግሜዋለሁ። ሰው እንጀራ በአፉ ሊያደርግ ሲል የሚቀማ ሕግ ምን ዓይነት ሕግ ነው እያልኩ።

ከተማውም አልማረውም። የሚኒባስ ረዳቶች ወንበር ባዶ እያለ «ሞልቷል» ይሉታል። በፋብሪካው በር ሴቶች ስድብ ያወርዱበታል፤ አንዲቱማ የልብስ እጣቢ ደፋችበት። ጃኬቱን በመሐረብ ጠርጎ ገባ፣ እሽጉ አለመነካቱን አየ፣ ወጣ። በማግስቱም ተመልሶ መጣ። አንድ ጊዜ እንኳ ቢሳደብ ኖሮ ነገሩ በረድ ይልልን ነበር።

በእኛ ዘንድ ሹም ሆነ ነጋዴ፣ ልጅ ካስቸገረ ሽማግሌ የሚላከው ወደ አባቱ ነው። ስለዚህ እኔና አራጋው ገራዶ ወጣን። አባቱ አግማስ የሚባል፣ ማተቡ አንገቱ ላይ የጠቆረ፣ ቁጡ ገበሬ ነው። ልጁ ሃይማኖት ከለወጠ ወዲህ ተቀያይመው ቆይተው፣ ኋላ ጨርሰው ተቆራርጠዋል። እንዲህ ያለ አባትማ ከእኛ ጋር ይቆማል ብለን ነበር። ነገራችንን ሳንጨርስ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም።

«እኔንስ መቼ ለቀቀኝ» አለ።

የአግማስ በሬ የአንዲት ባልቴት ማሳ ገብቶ እህሏን አጥፍቶባት ነበር። ሽማግሌ ተቀምጦ ይቅር አለችው፤ አበቃ። ምንይሉ ከኮሌጅ ለእረፍት ሲመጣ ይህን ሰማና «ይቅር ያለችህ አንተን ነው፤ ጎተራዋ ግን ባዶ ነው» አለው። አባቱ አልሰጥም ቢል ክረምቱን በሙሉ ለባልቴቷ ሲያርስና ሲያርም ከረመ። አገር ሁሉ እያየ።

ይህን ያስተማሩት እዚያ ነው አለ። ኮሌጁ የድኻም የባለጸጋም ልጅ ተራ እየገባ ሽንት ቤት እንዲያጥብ ያደርጋል። ኋላም ለአንድ ወቅት ወጥታችሁ ሰው አገልግሉ ይባላሉ። ምንይሉ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልን መረጠ። የሥጋ ደዌ የጎዳቸው ሰዎች እጅና እግራቸው ሕመም አይሰማውም፤ የጋለ ድስት ይይዛሉ፣ ሚስማር ይረግጣሉ፣ አያውቁትም። የሱ ሥራ በየቀኑ እጅና እግራቸውን እያገላበጠ፣ ባለቤቱ ያላወቀውን ቁስል መፈለግ ነበር። አግማስ ያን ጊዜ ገና አልተቆራረጡም ነበርና ሊጠይቀው ሄደ። አንድ ሽማግሌ ሕመምተኛ «ምንም አላመመኝም፣ ምን ታገላብጠኛለህ» እያሉ በከዘራ ትከሻውን ሲቀጠቅጡት ደረሰ። ልጁ ከተረከዛቸው የጠርሙስ ስባሪ እያወጣ ነበር።

«በከዘራ ተደብድቦ የሰውዬውን እግር አልለቀቀም» አለን አግማስ። «በሽማግሌ ይለቃል ብላችሁ ነው የመጣችሁት?»

ስንወጣ ለልጁ በእኛ በኩል ሰላምታ እንኳ አልላከለትም። አራጋው በመንገድ «ይሄ ልጅ አባቱን ያላከበረ፣ እኛን ሊያከብር ነው?» አለኝ። ልክ ነህ አልኩት። ያ ከዘራ ግን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ከሐሳቤ አልወጣልኝም።

እኛ ያቃተንን የደሴ አለቆቹ አደረጉት። እንየው አመለከተ፤ እነሱም «ባለጉዳዮቹ በሽማግሌ ታርቀዋል፣ ከዚህ ወዲያ ምን ያስጨቃጭቃል» ብለው ሌላ ሰው ልከው እሽጉን አስፈቱት። የዚያን ዕለት ፋብሪካው በር ላይ እልልታው ቀለጠ። ጣይባም የበር ሥራዋን አገኘች። እንየው ደግሞ ለእኔ ውለታ ልክፈል ብሎ ሰልዋን ከፍ ያለ ደመወዝ ወዳለው ቦታ አዛወራት፤ የጣይባ ቦታ ላይ፣ ባዘቶው ጋ። እኔ ሞኙ ደስ ብሎኝ መስጊድ ውስጥ ሳይቀር አወራሁ። ሰልዋ ዝም አለች። ዝምታዋን እፍረት አደረግኩት።

ብዙም አልቆየ። አንድ ቀን እራት ስንበላ የሹራቧ እጅጌ እስከ ክርኗ ተተርትሮ አየሁ። ምን ሆነሽ ነው ብላት «ምንም አልሆንኩም፣ አባ» አለች። እጇን ያዝኩና ገልብጬ አየሁት። ከእጅ አንጓዋ በላይ ቀጭን፣ ትኩስ ጭረት አለ። ቀጥሎ ምን እንደሠራሁ ገባኝ፤ የዚያን ደረቅ ሰውዬ ልማድ ስሠራ ራሴን ያዝኩት። ከፍርሃቴ ይልቅ ንዴቴ ባሰ።

በማግስቱ እንየው ዘንድ ሄድኩ። ክዳኑን አስደርግ አልኩት፣ በልመና ነው ያልኩት። ሰውዬው ፈገግ አለ።

«ጋሽ መሕሙድ፣ ዱዓ ያደረጉበትን ነገር እርስዎ ራስዎ ሊያነሡት ነው?» አለ። ቀጥሎም ድምፁን አለሰለሰ። «ስለ ሰልዋ ከሆነ ሐሳብ አይግባዎት። እሷን ወደ ዱሮ ቦታዋ እመልስና ሌላ ልጅ አቆማለሁ። አዲስ የተቀጠረች አለች።»

እውነቱን ልናገር፤ እሺ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። አባት ነኝ። ልጄን ካወጣሁ ሌላው የራሱ አባት ያስብለት እላለሁ፤ ማንም የሚለው ነው። ዝም ብዬ እንዳልወጣ ያህል «ማን ትባላለች?» አልኩት። አሰበ፣ አሰበ፤ ስሟን አላወቀውም። እዚያው በር ላይ ያ የተረገመ ልጅ ያለው ነገር ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። «ነገ የምትቆመው ልጅ» ያለው። አላህ ይየው፣ በሰው ጆሮ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ሰው ነው።

ደሴ ወጣሁ። ቢሮው ደጃፍ ከተሰለፈው ባለጉዳይ መሐል ተሰለፍኩ። ሲያየኝ ይስቃል፣ ወይም «አላልኩም?» ይላል ብዬ መልሱን በልቤ አዘጋጅቼ ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ ከዚያ ፊተኛውን ባለጉዳይ የጠየቀውን ያህል፣ በዚያው ድምፅ፣ እኔንም ጠየቀኝ። የት ቦታ፣ መቼ፣ ማን አየ። የሰልዋን ጭረት ስነግረው ብቻ ብዕሩን አስቀመጠ።

«አለቆቼ እሽጉን ያስፈቱት ታርቀዋል ብለው ነው» አለ። «ያስታረቁት እርስዎ ነዎት። አሁን ከሳሽ ሆነው በስምዎ ካመለከቱ ያ ምክንያት አይሠራም። ግን እርቅዎን በአደባባይ ማፍረስዎ ነው፤ አስበውበት ይፈርሙ።»

ፈረምኩ። ቢያፌዝብኝ በወደድኩ ነበር። ያን ያህል ጥላቻ ይዞ የሄደ ሰው የሚደገፍበት ነገር ሲያጣ ምን እንደሚሰማው ያየ ያውቀዋል። ይሄ ሁሉ የኮሌጁ ትምህርት ነው፤ ሰው ተዋርዶ ሲመጣ እንኳ የልቡን አያደርሱለትም።

ማሽኑ እንደገና ታሸገ። በዚህኛው ጊዜ ከደሴም ሊያስፈታው የደፈረ አልተገኘም። እንየው ሁለት ሳምንት ከተንገታገተ በኋላ ክዳኑን አሠርቶ ገጠመ፤ ለካ እዚሁ ኮምቦልቻ ብየዳ ቤት የሚሠራው ነገር ኖሯል። የጣይባን ሥራ ግን መልሶ ሊነጥቃት አልቻለም፤ በሕግ የሚገባት እንጂ ችሮታ እንዳልሆነ ምንይሉ አስቀድሞ አስወስኖ ነበር።

እኔ ግን ከሰርኩ። በራሱ ዱዓ ላይ የከሰሰ ሽማግሌ ተብዬ ቀረሁ። አራጋው በመንገድ ሲያየኝ ዣንጥላውን ዘንበል ያደርጋል። ሠርግም እርቅም ሲሆን የሚጠራኝ የለም። ደመወዝ የቀረባቸው ሴቶች ሰልዋን «የአሻጊው ልጅ» ይሏታል፤ እሷም በዚህ ተናዳ ብዙ ጊዜ አኮረፈችኝ። አጥፍቻለሁ አልልም። እርቁ መልካም እርቅ ነበር፤ ማሽኑ ነው ክፉ የነበረው። ይህን ለአራጋው ልነግረው ፈልጌ ዣንጥላው አላስነግር አለኝ።

ምንይሉንም አልተዉትም። ፋብሪካ የሌለበት ቦታ ይሂድ ብለው ነው መሰለኝ፣ ለኩታበር መደቡት። ለዓይኔ ሕክምና ደሴ የወጣሁ ዕለት መናኸሪያው ውስጥ፣ የኩታበር ሚኒባሶች ከሚቆሙበት፣ የተጠቀለለ ፍራሽና አንድ ካርቶን ይዞ አገኘሁት። የሸኘው ሰው አልነበረም። ማለፍ እችል ነበር፤ እግሬ ግን ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲበላኝ የኖረውን ጠየቅኩት።

«ያን ጊዜ ቢሮህ ስመጣ ለምን አልሰደብከኝም? መብትህ ነበር።»

ፍራሹን መሬት አስቀመጠ።

«በልቤ ሰድቤዎታለሁ» አለ። «እውነቱን ከፈለጉ እርስዎን አልወድዎትም፣ ጋሽ መሕሙድ። ያን ቀን በሠራተኛው ፊት ሃይማኖትህ ይከለክልሃል ሲሉኝ የተቃጠልኩት እስካሁን አልበረደልኝም። ኮሌጅ ሳለሁ የማትወደውን ሰው አገልግል አሉኝ፤ ይሄን ተምሬያለሁ። ውደደውም ብለውኝ ነበር። እሱን አልቻልኩትም።»

ወላሂ፣ ከሱ አፍ የወጣ ነገር ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለታችንም ቆመን ተያየን፤ አንዳችንም ልንታረቅ አላሰብንም። ረዳቱ ፍራሹን አንሥቶ ጣሪያ ላይ ወረወረው። ምንይሉ ሊገባ አንድ እግሩን ካነሣ በኋላ ዞር አለ።

«የሰልዋ እጅ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ገባ። ሌላ የተባባልነው ነገር የለም።